ለጠበሉ አትቸገሪ

ውድ ወንድሜ ታረቀኝ፣

ይህን የምጽፍልህ በወረቀት ነው። በስልክ አልልክልህም። ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ፣ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ድረስ ተሸክሜ፣ በገዛ እጄ እሰጥሃለሁ። ከዚያ ፊት ለፊትህ ተቀምጬ ስታነበው አይሃለሁ። በስልክ እንደ ልብህ ትዋሻለህ፤ ፊትህ ግን ከልጅነትህ ጀምሮ መዋሸት አይችልም፣ ጆሮህ ይቀላል። ይህ ሁሉ ወረቀት የሚባክነው ጆሮህን ለማየት ነው።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ። እማ የሞተች ይመስለኛል። አንተም እየደበቅኸኝ ነው።

አሁን "ይቺ ተጠራጣሪ ደግሞ ጀመራት" ትላለህ። በል። ሰው አገር የከረመ ሰው እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ እኔ እዚህ ቤት የበር ደወል ሲጮህ እንኳ ማን ላከው እላለሁ። ግን የአገሬን ሰው ጠባይም አውቃለሁ። ውጭ ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርም። "ጠበል ሄዳለች" ይባላል፣ "ስልኳ ተበላሽቷል" ይባላል፣ "ሁሉም ደህና ነው፣ አንቺ ብቻ በሰላም ግቢ" ይባላል። ልጅቱ ስጦታዋን ተሸክማ ትመጣለች፤ ያቺን ሌሊት አብልተው አጠጥተው ያስተኟታል፤ ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች በሩን ሞልተው ታገኛቸዋለች። ጎረቤታችንን አጸደን አስታውስ። አባቷ ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ለእሳቸው ካፖርት ገዝታ መጣች። ካፖርቱን አውጥታ ስታሳየን አንተም እኔም እዚያው ነበርን።

ታረቀኝ ይሙት፣ እኔን እንደዚያ አታደርጉኝም! ይኸው፣ ደግሞ በስምህ ማልኩ። እማ ብትሰማ አፌን በጥፊ ትለኝ ነበር። "በዚያ ልጅ አትማዪብኝ፣ እግዜር ታርቆ የሰጠኝ ነው" ብላ ያልተቆጣችኝ ቀን አለ? ካንተ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ ስለሞቱባት ስምህ ሲነሳ እንኳ ትሳሳለች። እኔ ደግሞ ስትቆጣ ደስ ስለሚለኝ ሆን ብዬ እምላለሁ።

ስለምሠራበት ቤት ልንገርህ። ኮንትራቴ አልቋል። ሥራ መጀመር ቀላል፣ መጨረስ ግን መከራ እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ስመጣ አንድ ፊርማ በቃኝ፤ ልሂድ ስል አገር ሙሉ ይጠየቃል። ፓስፖርቴን ማዳም የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ስጪኝ ስላት "ቢሮው ጋ ነው" ትለኛለች። ወዳመጣኝ ቢሮ ስደውል "ማዳምሽ ጋ ነው፣ ቡክራ ደውዪ" ይሉኛል። ቡክራ ማለት ነገ ማለት ነው፤ በእነሱ አፍ ግን በጭራሽ ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። የመኖሪያ ፈቃዴን በጊዜው ስላላሳደሱት ቅጣት አለበት፣ ቅጣቱ ሳይዘጋ መውጣት አይቻልም። የኮሮና ምርመራ ተመርምሬ ነበር፤ ጉዞው ሲዘገይ ምርመራው ጊዜው አለፈበትና እንደገና አፍንጫዬን አስቆፈርኩ።

ማዳም ደግሞ ሰሞኑን ማር ሆናለች። "ሀቢብቲ፣ እስከ ረመዳን ብቻ ቆዪልኝ" ትለኛለች። ሀቢብቲ፣ ውዴ፣ ያለችኝ ዕለት የጎደለብኝ ነገር እንዳለ ብዬ ቦርሳዬን ፈተሽኩ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። እሷም ብትሆን አታምነኝም፤ ሌላ ቤት ሥራ አግኝቼ ልጠፋ የተሰናዳሁ ይመስላታል። ቆሻሻ ልጥል ስወርድ በመስኮት ትከተለኛለች። እኔ እሷን፣ እሷ እኔን እየጠበቅን አንድ ማዕድ ቤት ውስጥ እንውላለን።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ያንተን መልእክት ነው።

ጦርነቱ ሐይቅ የገባ ጊዜ ስልኩ ጠፋ። እኔ ስወጣ እኮ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ለውጥና ስለ መደመር ነበር፤ ወደ መናኸሪያ የወሰደኝ ባጃጅ እንኳ ባንዲራ ሰቅሎ ነበር። እንዴት እዚህ እንደደረስን አላውቅም። እዚህ ያለን የወሎ ልጆች ስልካችንን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፈን ከረምን። ከዚያ ከተማዋ ተለቀቀች ተባለ፤ ከገና በኋላ ካንተ ቁጥር መልእክት ገባ። ቁጥርህን ሳይ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ቀጥዬ አነበብኩት።

"ውድ እህቴ ማህደር፣ እንዴት ነሽ? እኛ ደህና ነን። ስለ እኛ አታስቢ።"

ውድ እህቴ! ነሽ! አንተ እኔን ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ ያልከኝ? አፍ ከፈታሁ ጀምሮ ላንተ "አንተ ማህደር" ነኝ። እማ "ልጅቱን ወንድ አደረግሃት፣ ባል ታሳጣታለህ" እያለች ስትጮህብህ ነው ያደግነው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ እንኳ "አንተ ማህደር፣ ሰው ዮርዳኖስ ሄዶ ይጠመቃል፣ አንተ ሳህን ታጠምቃለህ" ብለህ ጽፈህልኝ ከማዳም ፊት በሳቅ ሞቼ ነበር። ያ ሰው ነው አሁን "ውድ እህቴ" የሚለኝ? ሰው ሲያፍር ጨዋ ይሆናል። አንተ ጨዋ የሆንክበትን ነገር ፈራሁት።

ስደውል አታነሳም፤ "ኔትወርኩ ድምፅ አያሳልፍም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው" ትላለህ። እማን አገናኘኝ ስልህ "ግሸን ወጥታለች" አልከኝ። ሌላ ቀን ስጠይቅህ "ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ተዘግቷል" ሆነ። ጉንፋን የያዛት አሮጊት ነች ያን ሁሉ ተራራ የወጣችው?

ከሁሉም የከፋው ግን የጠበሉ ነገር ነው። ስወጣ እማ የለመነችኝን ታስታውሳለህ። "ወርቅም ልብስም አልልሽም፤ ጌታ ከተጠመቀበት ወንዝ አንድ ኮዳ ውሃ አምጪልኝ" ነበር ያለችው። አንተ ከሐይቁ ዳር ቆመህ "ለኔም አስተርፍልኝ! ዓሦቹን ዕድሜ ልኬን ሳጠምዳቸው ኖሬ አንድ ቀን እንኳ ላጥምቃቸው" አልክ። ያ በአንድ ታንኳ አብሮህ የሚያጠምደው ጓደኛህ ጁማ ገመዱን እያሰረ "ኧረ ወዲያ! ግማሾቹ ዓሦች የኔ ናቸው፣ እነሱን እንዳትነካብኝ" ሲልህ፣ ስታለቅስ የነበረችው እማ ሳቀች። እኔ ያን ሳቅ ይዤ ነው አውሮፕላን የወጣሁት።

ታዲያ ጥምቀት ሲቃረብ "ጠበሉን እንዴት እንደማገኘው እያሰብኩ ነው" ብዬ ብጽፍልህ ምን መለስክልኝ? "ለጠበሉ አትቸገሪ። አንቺ ብቻ በሰላም ነይልን። አላህ ያግራልሽ።" ለጠበሉ አትቸገሪ! የሚጠጣው ሰው በሕይወት ካለ ይህ ይባላል? ያን ዕለት የማዳምን ብርጭቆ ሰበርኩ።

ጠበሉን ግን አግኝቼዋለሁ። ማዳም ለጥምቀት አልለቀቀችኝም፤ መስኡዳ ሄደችልኝ። መስኡዳ ከኛ በላይ ያለው ፎቅ የምትሠራ የባቲ ልጅ ናት፤ የእሷ ሰዎች የዕረፍት ቀን ይሰጧታል። ከሐበሾቹ ጋር አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ሂጃቧን እንደ ጠቀለለች ወንዙ ድረስ ወርዳ በኮዳ ቀዳችልኝ። "ቄሱ ሲረጩ እኔንም አገኘኝ ወላሂ! ኡሚ ብትሰማ ጉዴ ፈላ" እያለች ስታስቀኝ ቆየችና አቀፈችኝ። እቅፏ ረዘመብኝ።

"ምን ሰምተሽ ነው?" አልኳት።

"ኸረ ምንም! አንቺ ልጅ ደግሞ፣ ሰው ማቀፍም ተከለከለ?" አለችኝ። ዓይኗን ግን አላሳየችኝም።

ከዚያ በኋላ ልፈትንህ ወሰንኩ። "እማ ስወጣ ነጠላዬ ጫፍ ላይ ምን ቋጠረችልኝ? ጠይቃትና ንገረኝ" አልኩህ። ይህን ከእሷና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። መልሱ ወዲያው መጣ፤ "የግሸን እምነት።" ልክ ነው! ተመስገን ብዬ ተነሳሁ። ትንሽ ቆይቼ ሳስበው ግን ተናደድኩ። ልጇ ስትሰደድ የግሸንን እምነት የማትቋጥር የአምባሰል እናት አለች? ይህንንማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይመልሰዋል። ጥያቄም መጠየቅ አላውቅበትም።

አሁን ሻንጣዬን እያሰናዳሁ ነው። ጥቁር ቀሚሴን ከላይ አድርጌዋለሁ፣ ብትነግሩኝም ባትነግሩኝም። ሻንጣውን አቅፌ የማዳም ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። በዛ ሲለኝ ለእማ የገዛሁትን ብርድ ልብስ አወጣዋለሁ፤ ተመልሼ እከተዋለሁ። ባወጣው ሞቷን ያመንኩ ይመስለኛል። ታረቀኝ፣ እኔ እንደሆንኩ ደርሶ የሚያጽናናኝ ካንተ በቀር ማን አለኝ? እውነቱን ብትነግረኝ በስልክም ቢሆን አብረን እናለቅስ ነበር። ብቻዬን ጠርጥሬ ብቻዬን ማልቀስ ሰለቸኝ።

ከዚህ በላይ ያለውን ከጻፍኩ ሰነባብቷል። ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ነበር፤ አልቻልኩም። ያንተ ስለሆነ ልቀጥለው።

ባለፈው አርብ አላስችል አለኝና ወዳንተ ቁጥር እንዲህ ብዬ ላክሁ፤ "እማን ዛሬ ካላሰማኸኝ አልመጣም። ማዳም ሁለተኛ ኮንትራት አቅርባልኛለች፣ እፈርማለሁ።" ዕቃ ሳጥብ ስልኬ ጮኸ። ያንተ ቁጥር ነው። አነሳሁት።

"ማህደሬ" አለችኝ እማ።

ራሷ ናት። ድምፅዋ ሻክሯል፣ ግን ራሷ ናት።

"እማ! አለሽ?"

"ኸየት እሄዳለሁ ልጄ። አለሁ።"

ታረቀኝ፣ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሳሙና በነካው እጄ ፊቴን እየጠረግሁ፣ እየሳቅሁ፣ እየጮህኩ "ታረቀኝ ይሙት፣ የሞትሽ መስሎኝ ነበር!" አልኳት።



ቁጣዋን ጠበቅሁ። "በዚያ ልጅ አትማዪብኝ" እስክትል ድረስ አፌን ከፍቼ፣ ልስቅ ተሰናድቼ ጠበቅሁ። አልመጣም። ትንፋሽዋ ብቻ ይሰማኛል። ከዚያ ከአጠገቧ የወንድ ድምፅ "አብሽሪ እማማ ባንቺአየሁ፣ አብሽሪ" ሲላት ሰማሁ። የጁማ ድምፅ ነው።

"እማ፣ ታረቀኝን ስጪኝ" አልኳት። "ልሳደበው። ስጪኝ።"

"ልጄ" አለች፤ "ቶሎ ነይልኝ። እንግዲህ ያለሽኝ አንቺ ነሽ።" ስልኩ ተዘጋ።

ቧንቧው እየፈሰሰ እዚያው ቆምኩ። ማዳም ገብታ ውሃውን ዘጋችና "እናትሽ ሞተች?" አለችኝ። "አልሞተችም" አልኳት። እናትሽ ካልሞተች ለምን ታለቅሻለሽ አለችኝ።

ከዚያ መልእክቶቹን ከላይ እስከ ታች አነበብኳቸው። ሁሉም እዚያው ነበር። "አላህ ያግራልሽ" ይላል እኮ! ሌላ አገር ሰው ቢሆን ይቺን አንዲት ቃል አይቶ፣ ይህ የክርስቲያን ልጅ የጻፈው አይደለም ብሎ ወዲያው ይነቃ ነበር። እኔ እንዴት ልንቃ? አንተና ጁማ ከአንድ ታንኳ፣ ከአንድ አፍ ናችሁ። አንተ ወላሂ ስትል፣ እሱ በእስጢፋኖስ ሲምል ነው የኖራችሁት። ያን ሁሉ ነገር ስጠረጥር፣ የበር ደወል ስጠረጥር፣ የሚጽፍልኝ አንተ መሆንህን ግን አንድም ቀን አልጠረጠርኩም። መጠየቅ የነበረብኝን አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ለጁማ "ንገረኝ" ብዬ ላክሁለት። ይኸው የመለሰልኝ፤

"እህቴ፣ አውፍ በይኝ። እናትሽ ናት አትንገራት ያለችኝ። ሰው አገር ብቻዋን ስታለቅስ ማን ይይዛታል አለች። ስትመጪ ንጋት ላይ ተሰብስበን ልንነግርሽ ነበር። ተኩሱ የበረታ ቀን መሸሽ ያቃታቸውን ሽማግሌዎች በታንኳ ወዲያ ማዶ ስናሻግር ዋልን። ማታ ላይ ባዶውን ስንመለስ ታረቀኝን ተባራሪ ጥይት አገኘው። ኸየት እንደመጣ አላወቅንም። ወደ ከተማው መሻገር ስላልተቻለ እስጢፋኖስ ገዳም አደረስኩት፣ መነኮሳቱ እዚያው ቀበሩት። እኔ ነኝ የያዝኩት። አልተሰቃየም። አንተ እያለ እንደሚጠራሽ ረስቼ አይደለም፣ አንተ ልልሽ እጄ እንቢ አለኝ።"

መስኡዳም ታውቅ ነበር። ወንድሟ ለደሴ የሚጭነው ዓሣ ከጁማ ነው። እያወቀች ነው ወንዙ ድረስ የሄደችልኝ። አልተቀየምኳትም። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ቅጣቱንም ከፍላ ፓስፖርቴን በመጨረሻ ሰጠችኝ ማዳም። እንባዬን ፈርታ ይሁን፣ ወይ ከእንግዲህ እንደማልጠቅማት ገብቷት፣ አላውቅም። ሻንጣዬን ግን ሳትፈትሽ አልለቀቀችኝም። ልብሱን አንድ በአንድ እያራገፈች ሄዳ ሄዳ ኮዳው ላይ ደረሰች። በነጠላ ጠቅልዬው ነበር፣ ጫፉ ላይ የእማ እምነት እንደ ተቋጠረ።

"ይሄ ምንድን ነው? ሲህር ነው?" አለችኝ። ድግምት ማለቷ ነው።

"ውሃ ነው" አልኳት።

"ሰው ከኛ ቤት ውሃ ይዞ ይሄዳል? ድፊው!" አለችኝ።

አልደፋሁም። እዚህ ቤት ስኖር እንቢ ያልኩት የመጀመሪያዬ ይመስለኛል። ክዳኑን ከፍቼ ፊት ለፊቷ አንድ ጉንጭ ጠጣሁ። እወድቅ እንደሆነ ቆማ አየችኝ። ሳልወድቅ ስቀር "ለማን ነው?" አለችኝ። "ለወንድሜ" አልኳት። "ታሟል?" አለችኝ። "አይ፣ ዓሣ አጥማጅ ነው" አልኳት። ምንም አልገባትም፤ ሻንጣውን ግን ራሷ ዘጋችው። ስለ ጠጣሁት አትቆጣ፣ ካንተ ድርሻ ነው።

ነገ እበራለሁ። ጥቁሩ ቀሚስ ከላይ እንዳለ ነው፣ ብርድ ልብሱም ገብቷል። አንተን ግን የትም ላገኝህ አልችልም። እስጢፋኖስ የወንድ ገዳም ነው፤ ሴት አታልፍም። እማ የአንድ ወንድ ልጇን መቃብር ሳታይ ልትኖር ነው፣ እኔም እንደዚያው። ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ስትለኝ ኖረህ፣ ታረቀኝ! አንዲት ቀን፣ ለአንዲት ሰዓት እንኳ በእውነት "አንተ" ብሆን ኖሮ በሩን ከፍተው ያስገቡኝ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ እናደርጋለን። እማን ታንኳው ላይ አስቀምጠን ጁማ ይቀዝፍልናል፤ ከገዳሙ ትይዩ ውሃው ላይ እንቆማለን። ይህን ወረቀት ጁማ ጮክ ብሎ ያነብልሃል፤ እኔ አልችልም። እማ ጠበሏን ትጠጣለች፣ የተረፈውን ሐይቁ ውስጥ አፈሰዋለሁ። ይህን ለጁማ ስጽፍለት፣ አንተ ብትሆን እንደምታደርገው ልቀልድ ብዬ "ያንተን ዓሦች አልነካብህም" አልኩት።

"ሁሉንም አጥምቂያቸው" ብሎ መለሰልኝ።

እዚያው ጠብቀኝ፣ ወንድምዓለም። ጆሮህን ባላየውም እመጣለሁ።

አንተ ማህደር